ርዕሰ አንቀጽ፦ በእግር እንሂድ፤ ግን አውቀን እንሂድ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ ቀላል መስሎ ብዙ እንዳከራከረ የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ጉዳዩ ይህ ነበር፦ ማኅበራችን ነዋሪውን አስተባብሮ ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የእግር ጉዞ ያዘጋጅ ወይስ አያዘጋጅ? ገሚሱ «መልካም ነው፤ ለጤናም ይበጃል፤ አገርንም ማወቅ ነው» አለ። ገሚሱ ደግሞ «በእግር መሄድ ለእኛ ምን ብርቅ ነው? ስንሄድ አይደለም ወይ የኖርነው! ለቦዩ መሻገሪያ የተዋጣውን ገንዘብ ለሽርሽር ልታውሉት ነው?» ሲል ተቃወመ። ሰዓቱ ስለ መሸ ነገሩን ሳንቋጨው ተበተንን። በመሆኑም አቋማችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ግልጽ አድርገን ማስፈር ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት እውነት እንዳለበት እንቀበላለን። የደጋ ሰው እግሩ አርፎ አያውቅም። ወደ ገበያ በእግር፣ ወደ ወፍጮ በእግር፣ ወደ ምንጭ በእግር፤ በሽተኛ እንኳ በቃሬዛ ተሸክመን በእግር ነው ያደረስነው። ከዚያም የከፋ አይተናል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከቅርብም ከሩቅም የመጣ ሕዝብ በእግሩ ተጉዞ እዚሁ እብናት መጠለያ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጠለያው በባለሥልጣኖች ትእዛዝ ተበትኖ ጎጆዎቹ ሲቃጠሉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የደከመ ሰው እንደገና መንገድ እንዲገባ ተገደደ። ይህን ያየ ሽማግሌ «ለመዝናናት እንሂድ» ሲባል ቢገረም አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ዛሬ በከተማችን የምንኖረው ሰዎች አኗኗራችን ተለውጧል። ከቤት እስከ ገበያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሱቅ ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ኋላ መቀመጥ፣ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ። ስኳርና ደም ብዛት «የአዲስ አበባ ሰው በሽታ» መባሉ ቀርቷል፤ በየቤታችን ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ገንዘብ አይጠይቅ፣ መሣሪያ አይጠይቅ። እናቶቻችን ውኃ ተሸክመው ዳገት የወጡበት ድካም ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንለው ሸክም የሌለበት፣ ትንፋሽ የማያሳጣ፣ ከጎረቤት ጋር እያወጉ የሚሄዱትን መንገድ ነው።

ለምን ጣና? ይህንንም የጠየቁን አሉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ያለ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ዳርቻው አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመውም፣ ሕፃን የያዘችም እናት ሊሄዱበት ይችላሉ። በእኛ አገር ግን ከቤት ወጥቶ ዳገት ሳይነኩ መመለስ የት ይገኛል! ከዚህም ሌላ ከአዲስ ዘመን ወርዶ ወረታን ካለፈ በኋላ ያለው የአስፋልት መንገድ በቀጥታ ባሕር ዳር ያደርሳል። ሐይቁ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን ሳያውቁ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ዓምና አይተናል። ከነዋሪዎቻችን ጥቂቶቹ በግላቸው ተነሥተው ሄዱ። የደረሱት በቀትር ነው። ውኃ አልያዙም። አንዲት እናታችን በኮንጎ ጫማ ሄደው እግራቸው ውኃ ቋጥሮ ተመለሱ። ጀልባው ላይ የተነጋገሩበት ዋጋ መሐል መንገድ ላይ ተለወጠ። ይባስ ብሎ የደረሱበት ገዳም ሴት የማይገባበት ሆኖ ተገኘና ሴቶቹ ጀልባው ውስጥ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። ሲመለሱ «ጣና አየን» አላሉም፤ «ጣና አሳየን» ነው ያሉት። ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስለዚህ ለእግር የሚቀለው የትኛው እንደሆነ ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

አንደኛ፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው የሐይቅ ዳር መንገድ ነው። ሜዳ ነው፤ የዛፍ ጥላ አለው፤ ሲደክም መቀመጫ አይጠፋም። ለአዛውንቶች ከዚህ የሚሻል የለም። ደንገል የሚቆረጥበትን፣ ታንኳ የሚሠራበትን የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ሙያም እዚያ አካባቢ ማየት ይቻላል። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ግን ነውር ነው። ጉልበት የቀረው ሰው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተውን፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግረኛ መንገዱ በኩል ተሻግሮ ይመለስ። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምርበትን ስፍራ ከዚያ ሆኖ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ የዘጌ ልሳነ ምድር ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ግድም ይወስዳል። ከጀልባ ወርዶ በቡና ዛፍ ሥር በጠባብ መንገድ ጥቂት ከተራመዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደረሳል። መንገዱ ድንጋይ አለው፤ ትንሽም ሽቅብ ይላል፤ ጥላው ግን ከዳር እስከ ዳር ነው። ዑራ ሴቶችም ይገባሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የወንዶች ብቻ ስለሆኑ፣ ከጀልባ ባለቤት ጋር ስትነጋገሩ ይህን ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል። በዘጌ ባህል ቡናው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደ በቀለ ይነገራል፤ መሬቱም እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት የሚከለክል ቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ቃል ብቻውን ደን ሲጠብቅ አያችሁ? እኛ ስንት ደንብ ጽፈን ስንት ችግኝ አደረቅን!

ሦስተኛ፣ ለእኛ የሚቀርበው የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ሐይቁና ወንዞቹ ሞልተው ስለሚያጥለቀልቁት አይሞከርም። ከኅዳር ወዲህ ውኃው ሲሸሽ ግን በሸሸርና በወላላ ረግረጎች ዙሪያ ሽመላና መሰሎቹ ወፎች ይሰበሰባሉ፤ ከእነዚህም ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አሉ። ዳገት የሚባል ነገር የለም። ሆኖም የሩዝ ማሳ ድንበር የገበሬ ንብረት ስለሆነ መርገጥ አይገባም። እረኛውን ጠይቁት፤ ትክክለኛውን መንገድ ያሳያችኋል።

አራተኛ፣ የዓባይ ፏፏቴ ከሐይቁ ወጣ ያለ ቢሆንም ወጣቶች ሳይሄዱበት አይቀሩም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራውን የአላታ ድልድይ ተሻግሮ የሚወጣው መንገድ ድንጋያማና ዳገት ስለሆነ ጉልበት የሚያመው ሰው ይቅርበት። የውኃው ኃይልም ለመብራት ማመንጫ ስለሚከፈል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ክረምት ሲወጣ ይሻላል።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት እንበል። ጠዋት በጊዜ መነሣት፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር መሆን። ኮንጎ ጫማ ሳይሆን እግር የለመደው ሸራ ጫማ ማድረግ። ውኃ፣ በሶ፣ ቆሎ መያዝ፤ ጃንጥላና ነጠላም አይረሳ። ሐይቁ ዳር የቢልሃርዚያ ትል ስላለ በባዶ እግር ጥልቅ ማለት፣ ሕፃናትንም መልቀቅ አይገባም። ወባ አለና ማታ እዚያው የሚያድር ሰው አጎበር ያስፈልገዋል። በሊቦ ከምከምና በፎገራ በ1997 ዓ.ም. ካላዛር ተነሥቶ ብዙ ሰው ስለ ጎዳ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥርም ማደር አይበጅም። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ከውኃ ወጥቶ ማለዳ ይመለሳል፤ ከእሱና ከውኃው መሐል መቆም ሞት ነው። ገዳም ስንገባ ጫማችንን አውልቀን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው።

ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። ወደ ጣና መሄድ አለብን የምንልበት ሌላ ምክንያት አለን፤ ይህንንም በስብሰባው ላይ በደንብ አልተናገርነውም። ከወረዳችን ተዳፋት የሚወርደው ውኃ ከፊሉ በርብ ወንዝ በኩል ጣና ይገባል። ክረምት ላይ ርብ ቀይ ሆኖ ሲወርድ የሚወስደው የእኛን ማሳ ነው። ከወረዳችንና ከፋርጣ አዋሳኝ ላይ የተሠራው፣ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ የታቀደው የርብ ግድብም ይህንኑ ደለል ይቀበላል። ጣና ደግሞ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም የጎደጎደው ቦታው 14 ሜትር ቢሆን ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም ዳርቻውን ወርሮታል። አረሙን የሚያፋፋው ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው ለም አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚገባው ቆሻሻ ነው። ወንድሞቻችን አንገታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት በቴሌቪዥን አይተናል፤ «አይ ጉድ!» ብለንም ቻናል ቀይረናል። ቆሞ ያየው ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀይረውም። ጥርኝ ደለል በእጁ ዘግኖ «ይቺ የኛ መሬት አይደለችም ወይ?» ብሎ የሚመለስ ጎረምሳ ለእርከን ሥራ ሲጠራ የሚቀር አይመስለንም።

እንግዲህ አቋማችን የሚከተለው ነው።

ለቦዩ መሻገሪያ ከተዋጣው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለጉዞ አይወጣም። በዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ እኛም አስቀድመን በግልጽ ባለመናገራችን ጥፋቱ የእኛ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆች ተሸክመን የምናሻግርበት ቦይ ሳይሠራ ስለ ሐይቅ ዳር መንገድ ማውራት አያምርም። ስለዚህ መጀመሪያ መሻገሪያው ይሠራል። ጉዞው ሲደረግ ተጓዡ ወጪውን በራሱ ይችላል፤ አቅም ለሌላቸው አዛውንቶች ጎረቤት ቢያግዝ ደግሞ የቆየ ባህላችን ነው።

ለጉዞው ቀን አንቆርጥም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ተዘጋ፣ ስንት ቤተሰብም እንዳዘነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ለመዝናናት ወጥቶ ቤተሰቡን ማስጨነቅ የለበትም። መንገዱ አስተማማኝ መሆኑን ከሾፌሮችና ከተመላላሾች አጣርተን፣ ሽማግሌዎችን አማክረን፣ ያን ጊዜ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናስታውቃለን።

እስከዚያው ግን እግራችንን ማን ያዘው? ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ተገናኝተን በሠፈራችን ዙሪያ ግማሽ ሰዓት እንራመዳለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሰዓቱ የማይመቻቸው ከሆነ ይንገሩን፤ እናስተካክላለን። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጎበዝ ነኝ ባይ ወደ ፊት አይሩጥ፤ የሁላችንም እርምጃ በቀርፋፋው ይለካል። በየመንገዱ የሚታየውን ፌስታል እያነሣን፣ የተሰበረውን የቦይ ክዳን እየመዘገብን እንሄዳለን።

ሐይቁ የትም አይሄድም እንላለን፤ እየሞላ በደለል፣ እየተሸፈነ በአረም ግን ቆሞም ሊርቀን ይችላል። በእሑዱ ግማሽ ሰዓት መጀመራችን ለአንዳንዱ ሰው አነስ ያለ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ናቸው። እሑድ እንድትገኙ እናሳስባለን፤ ተቃዋሚዎቻችንም ቅሩ አላልንም፤ እየተራመድን እንከራከራለን።