ስውሩ ሸማች ምን ቢያገኝ ነው?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ሥራ አለ። ሠራተኛው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሱቅ ይገባል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ገዝቶ ይወጣል። ከዚያም ሻጩ ቀና ብሎ ሰላም ማለቱን፣ ደረሰኝ መስጠቱን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና ሳይቀር ጽፎ ለላከው ድርጅት ያስረክባል። ባለቤቱ ራሱ ብቅ ቢል ሻጩ ሁሉ ፈገግታ ነዋ!

ክፍያው ቤት የሚያቆም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የገዛበትን ሒሳብ መልሰው ጥቂት ዶላር ቢያክሉለት ነው። ታዲያ ለምን ይወደዳል? ነፃ ምሳ የሚጠላ የለም፤ ዋናው ግን ሌላ ነው። ሌላው ገዢ ባንኮኒ ላይ ሰሚ አጥቶ ቅሬታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የስውሩ ሸማች ቃል ግን ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ ያውም ተከፍሎበት።

ይህን ጉጉት አጭበርባሪዎችም ደርሰውበታል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደጋግሞ እንዳስጠነቀቀው፣ “ተቀጥረሃል” ብለው ቼክ ይልካሉ፤ ድርሻህን አስቀርተህ ቀሪውን በሐዋላ ላክ ይላሉ። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው፤ ባንኩም ዕዳውን የሚጠይቀው ያንኑ “ተቀጣሪ” ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ እንዲህ ያለ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከደወለ፣ ከደመወዙ በፊት ስለ ቼኩ ይጠየቅ።