ስቶን ታውን፦ ጎብኚው የሚያማርርባት፣ ነዋሪው የሚኖርባት ከተማ

የዛንዚባር ጥንታዊ ከተማ ሁለት ስሞች አሏት። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ «ስቶን ታውን»፣ የድንጋይ ከተማ፣ ብሎ ይጠራታል። ነዋሪው ደግሞ በስዋሂሊ «ምጂ ምኮንግዌ» ይላታል፤ አሮጌው ከተማ ማለት ነው።

በከተማዋ ላይ የሚሰማው ቅሬታም እንደ ስሟ ሁለት ነው። ጎብኚው እግር በእግር ስለሚከተሉት ደላሎች፣ ለእርሱ ብቻ ስለሚጨመረው ዋጋ፣ ስለሚቋረጠው መብራትና ስለተዘጉት ታሪካዊ ሕንጻዎች ያማርራል። ነዋሪው በበኩሉ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ገበያ ውድነት፣ ስለ ልጆቹ አስተዳደግና በዝናብ ወቅት ሊወድቅበት ስለሚችለው ጣሪያ ይናገራል። እነዚህ ቅሬታዎች ተለያይተው ሲሰሙ የማይገናኙ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አብዛኞቹ የአንድ ችግር ሁለት ገጽታዎች ሆነው ይገኛሉ። ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው የማን ቅሬታ ፈጥኖ መልስ ያገኛል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ጉዳዩ ለዛንዚባር ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ወደ ደሴቶቹ የሄዱት የውጭ ጎብኚዎች ቁጥር 20 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ2024 ግን ቁጥሩ ከ730 ሺህ አልፏል። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የዛንዚባር ሕዝብ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቱሪዝም ከደሴቶቹ ኢኮኖሚ ሲሶውን የሚጠጋ ድርሻ እንዳለው ይነገራል። እንዲህ ባለ ቦታ የጎብኚ ቅር መሰኘት የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል።

የተሸጠው ምስል

ወደ ስቶን ታውን የሚሄድ ሰው ከተማዋን ገና ሳይረግጣት በምስል ያውቃታል። ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በቅርጽ ያጌጡ ትልልቅ የእንጨት በሮች፣ የቅርንፉድ ሽታ፣ በምሽት በፎሮዳኒ መናፈሻ የሚጠበስ ዓሣ፣ ሸራውን ዘርግቶ የሚያልፍ ጀልባ። የጉዞ ድርጅቶች ማስታወቂያ ከተማዋን ጊዜ የረሳት አድርጎ ያቀርባታል።

እውነቱ ግን ጊዜ ከተማዋን ደጋግሞ መለዋወጡ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማኑ ገዥ ሰዒድ ቢን ሱልጣን መንበራቸውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛወሩ። የቅርንፉድ፣ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ከተማዋን አበለጸጋት። አፍሪካውያን፣ ዐረቦች፣ ሕንዶችና አውሮፓውያን በየፊናቸው አሻራቸውን አሳረፉባት። ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት የመዘገባትም በዚህ የባህሎች መገናኛነቷ ነው።

ጎብኚው ይህን ታሪክ እንደ ሙዚየም ዕቃ ተደርድሮ ሊያየው ይጠብቃል። ለነዋሪው ግን የታሪኩ ከፊል ገና ያልሻረ ቁስል ነው። የባሪያ ገበያው በ1873 ከተዘጋ በኋላ የአንግሊካን ካቴድራል የተሠራበት ስፍራ ዛሬ በብዛት ከሚጎበኙት አንዱ ነው። እንግዳው ስፍራውን አይቶ፣ አዝኖ ይወጣል። ለዛንዚባራውያን ግን የባሪያና የጌታ ታሪክ በጥር 1964 ሱልጣኑን ከገለበጠው አብዮት ጋር የተሳሰረ ነው። በዚያ አብዮት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይ ዐረቦች፣ ተገድለዋል፤ ብዙ ዐረቦችና እስያውያን ቤት ንብረታቸውን ጥለው ተሰድደዋል። ከዚያ ወዲህ የማን አያት ምን ነበር የሚለው ጥያቄ ፖለቲካዊ ክብደት አለው። በአስጎብኚው አንደበት አጭርና ለስላሳ ሆኖ የሚሰማው ታሪክ በየቤቱ ሌላ መልክ አለው።

በተቃራኒው ጎብኚው ከፍ አድርጎ የሚፈልገው፣ ብዙው ነዋሪ ግን ራቅ ብሎ የሚያየው ነገርም አለ። የ«ክዊን» ቡድን ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪ በ1946 የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። አድናቂዎቹ የልጅነት ቤቱን ፍለጋ ይመጣሉ፤ በ2019 በስሙ ሙዚየም ተከፍቷል። ይሁንና በ2006 የልደቱ መታሰቢያ በደሴቲቱ ሊከበር ሲታሰብ አኗኗሩ ከእስልምና እሴት ጋር ይጋጫል ያለ ሃይማኖታዊ ቡድን ተቃውሞ አንስቶ ነበር። ዓለም የሚያከብረውን ሰው የትውልድ ከተማው ለምን እንደዚያው አትዘክረውም ብሎ የሚገረም እንግዳ፣ ከመቶው አብዛኛው ሙስሊም በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ መሆኑን ይዘነጋል።

«ፓፓሲ» እና ሁለቱ ዋጋዎች

ከጎብኚዎች ቅሬታ ቀዳሚው መንገድ ላይ ተከታትለው ላስጎብኝህ፣ ሆቴል ላሳይህ፣ ቅመም ግዛ የሚሉትን ወጣቶች ይመለከታል። በስዋሂሊ «ፓፓሲ» ይባላሉ፤ ትርጉሙ መዥገር ነው። ስሙን ያወጣላቸው ጎብኚው አይደለም፤ ነዋሪውም ቢሆን እንደማይወዳቸው ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። መንግሥት በበኩሉ ማስጎብኘት ፈቃድ ላላቸው ብቻ የተፈቀደ መሆኑን በየጊዜው ያሳስባል።

ነዋሪው ግን ጎብኚው የማያየውን አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም እነዚህ ወጣቶች ከየት እንደመጡ ነው። ከፊሎቹ ሥራ ፍለጋ ከፔምባ ደሴትና ከዋናው ታንዛኒያ የተሰደዱ፣ ሌሎቹ የከተማዋ ዳር ልጆች ናቸው። በሆቴሎች የተሻለው ሥራ እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ለሚናገሩና በሆቴል ሙያ ለሠለጠኑ፣ ብዙ ጊዜም ከዋናው ምድርና ከኬንያ ለሚመጡ እንደሚሰጥ ዛንዚባራውያን ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲያማርሩ ቆይተዋል። ከዚህም ሌላ እንግዳው አልጋውን፣ ምግቡንና ጉብኝቱን ጠቅልሎ ገና አገሩ ሳለ ሲከፍል ከገንዘቡ ብዙው ደሴቲቱን አይነካም። ለመንገድ ላይ ልጅ የሚቀርለት ዕድል እንግዳው ከሆቴሉ በር ሲወጣ ጠብቆ መከተል ነው። ጎብኚው የሚሸሸው ደላላ ለነዋሪው ከቱሪዝሙ በር ውጭ የቀረ ልጅ ነው።

ዋጋም እንዲሁ ነው። ጎብኚው «ለአገሬው በአንድ ዋጋ፣ ለእኔ በሌላ» እያለ ይከፋል፤ ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነዋሪው ግን ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። ሆቴሎች ትኩሱን ዓሣና ኦክቶፐስ ከአጥማጁ እጅ በጅምላ ስለሚወስዱ ለቤቱ የሚቀረው በውድ የሚሸጥ ነው። እንግዳው የፈረንጅ ዋጋ አስከፈሉኝ ሲል፣ የቤት እመቤቷም በራሷ ገበያ የፈረንጅ ዋጋ እየከፈለች ነው።

መብራት፣ ውሃና አለባበስ

የመብራት መቋረጥ ለእንግዳ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መጥፋት ነው። ዛንዚባር ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከዋናው ምድር በባሕር ወለል በተዘረጋ ገመድ ነው። በ2008 ለአንድ ወር ገደማ፣ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሦስት ወራት ደሴቲቱ ጨለማ ውስጥ ቆይታ ነበር። ያን ጊዜ ትልልቅ ሆቴሎች በጄኔሬተር ሲሠሩ፣ ውሃ የሚስቡት ፓምፖች በመቆማቸው ሴቶችና ልጆች ጄሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ኋላ ላይ ሌላ ገመድ ቢዘረጋም ትዝታው አልጠፋም። በባሕር ዳርቻ መንደሮች ላይ በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ በአንድ ቅንጡ ሆቴል ክፍል በቀን የሚፈሰው ውሃ የአካባቢው ሰው ከሚጠቀመው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ለጥቂት ሰዓት ውሃ ጠፋብኝ የሚለው እንግዳና ከቦኖ ውሃ የሚቀዳው ጎረቤቱ የሚጋሩት የከርሰ ምድር ውሃ አንድ ነው።

አለባበስ ሌላው የማይግባቡበት ነጥብ ነው። እንግዳው ከባሕር ዳር በመጣበት ልብስ በከተማዋ መካከል ሲያልፍ መዝናኛ ስፍራ ያለ ይመስለዋል። ለነዋሪው ያ መተላለፊያ ልጆች ከቁርዓን ትምህርት የሚመለሱበት፣ ሽማግሌዎች ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ መደብ፣ «ባራዛ» በሚሉት፣ ቡና እየጠጡ የሚጨዋወቱበት ደጃፍ ነው። ባለሥልጣናት ተገቢ ያልሆነ አለባበስ ቅጣት እንደሚያስከትል አስታውቀዋል። እንግዳው ይህን የነፃነት ገደብ፣ በረመዳን ቀን የምግብ ቤቶችን መዘጋት ደግሞ የአገልግሎት ጉድለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ነዋሪው የሚጠይቀው ግን ማንም በሰው ቤት የሚጠይቀውን አክብሮት ነው።

የሚፈርሱት ግድግዳዎች

ከሁሉ ይልቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው የቤቶቹ ይዞታ ነው። በ1883 በሱልጣን ባርጋሽ የተሠራው «ቤት አል-አጃይብ»፣ የድንቆች ቤት፣ የከተማዋ መለያ ነው። ለዓመታት ተዘግቶ በመቆየቱ ብዙ ጎብኚዎች ሩቅ መጥተን ሳናየው ተመለስን ሲሉ ይሰማ ነበር። ታኅሣሥ 25 ቀን 2020 እድሳት ላይ ሳለ የሕንጻው ሰፊ ክፍል ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ቀን በኋላ በየመንደሩ የተነሣው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ የመንግሥትና የዓለም ዐይን ያረፈበት ቤት እንዲህ ከወደቀ፣ ማንም የማያድሰው የእኛስ?

ጥያቄው መነሻ አለው። ከተማዋ 1,700 ገደማ ሕንጻዎች አሏት። አብዛኞቹ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ፣ ወለላቸው በማንግሮቭ እንጨት የተያዘ ነው፤ ውሃ ከገባባቸው ይበሰብሳሉ። ከ1964 አብዮት በኋላ የብዙ ስደተኞች ቤቶች ተወርሰው ለተከራዮች ተሰጡ፤ ሌሎቹ የወቅፍ፣ የሃይማኖታዊ በጎ አድራጎት፣ ንብረት ናቸው። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለነበር ድሃው መጠለያ አገኘ፤ ማደሻ ገንዘብ ግን አልተገኘም። በ1985 የተቋቋመው የከተማዋ ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ብዙ ቤቶችን ከመውደቅ ቢያተርፍም አቅሙ ከችግሩ ጋር አልተመጣጠነም።

በዚህ መካከል የማደስ አቅም ያለው ባለሀብት መጣ፤ እርሱም የሚያድሰው ለሆቴልና ለእንግዳ ማረፊያ ነው። በባሕሩ ዳር ያለው የማምቦ ምሲጌ ሕንጻ ከአዲስ ግንባታ ጋር ተዳምሮ ሆቴል ሲሆን ዩኔስኮ ከቅርስነቱ አንጻር ስጋቱን ገልጾ ነበር። እንግዳው የተላጠውን ግድግዳ እንደ ውበት ፎቶ ያነሣዋል፤ ሲያድር ግን የታደሰውን ይመርጣል። ነዋሪው ደግሞ የተላጠው ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ቤቱ ሲታደስ ብዙ ጊዜ እርሱ ለቆ ይወጣል።

የሚሄደውም ወደ «ንጋምቦ» ነው። ቃሉ «ወዲያ ማዶ» ማለት ነው፤ ድሮ በባሕር ሰርጥ ተለይቶ የነበረው፣ ዛሬ ከአሮጌው ከተማ በአንድ መንገድ ብቻ የሚለየው ሰፈር። አብዛኛው የከተማዋ ሕዝብ የሚኖረው እዚያ ነው። በምሥራቅ ጀርመን ድጋፍ የተሠሩት የሚቼንዛኒ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎችም እዚያ ናቸው። ጎብኚ እምብዛም አይሻገርም። ዛንዚባርን አየሁ ብሎ የሚመለሰው ዛንዚባራውያን በብዛት የሚኖሩበትን ሳያይ ነው።

ላሊበላም ያውቀዋል

ይህ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነው። በ2008 አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል የተተከሉት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ለጎብኚው የፎቶ ማበላሻ ነበሩ። ለከተማዋ ሕዝብና ለካህናቱ ግን ጭንቀቱ መጠለያው በነፋስ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳይጎዳ ነበር፤ በ2018 ሰልፍ እስከ መውጣት የደረሱትም ለዚህ ነው። ጎብኚው ሐውልት ሲያይ እነርሱ የሚቀድሱበትን ቤት ያያሉ።

ላሊበላ ሌላም ነገር አሳይታለች። በ2020 ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ጎብኚውን ሲያስቀር አስጎብኚው፣ ባለሆቴሉና የእጅ ሥራ ሻጩ ያለ ገቢ ቀሩ። የሚያማርር እንግዳ ከማይመጣ እንግዳ እንደሚሻል ያን ጊዜ ታወቀ። ስለዚህ የነዋሪው ቅሬታ ጎብኚ ይቅርብን የሚል አይደለም፤ በዛንዚባርም እንዲሁ ነው። ጥያቄው ጎብኚው በሚያመጣው ውስጥ የእኛ ድርሻ የት አለ የሚል ነው።

የማን ቅሬታ ይሰማል?

ጎብኚው ቅር ሲለው ለጉዞ ወኪሉ ይነግራል፣ ለሆቴሉ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል፣ ለወዳጆቹ ያወራል። የቱሪዝም ባለሥልጣን ያንን ይሰማል፤ ገቢው በእርሱ ላይ ነውና ሊሰማም ይገባዋል። መተላለፊያ ይጠረጋል፣ ደላላ ይባረራል፣ የሕንጻ ፊት ይቀባል። የነዋሪው ቅሬታ ግን ባራዛው ላይ ይወራል፣ ለቀበሌ ሹሙ ይነገራል፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል።

ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚዎች 44 ዶላር ከፍለው የአገር ውስጥ የጉዞ መድን እንዲገዙ አስገድዳለች። ሌላ መድን እያለኝ ለምን ደግሜ እከፍላለሁ የሚል እንግዳ አለ። ነዋሪው ከቱሪዝም ስለሚሰበሰበው ገንዘብ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ለጣሪያዬ ምን ደረሰ የሚል። ሁለቱም የሚጠይቁት ገንዘቡ የት እንደዋለ ነውና ለአንደኛው የሚሰጠው ግልጽ መልስ ለሌላውም ይሆናል።

የሚከተሉት ዓመታት ፈተና የሚታየውም በዚህ ነው፦ የድንቆች ቤት ተመልሶ ሲሠራ በዙሪያው ያሉት የመኖሪያ ቤቶችስ ምን ያህል ይታደሳሉ? ከታደሱት ውስጥ ነባር ተከራዮች የሚመለሱባቸው ስንቶቹ ናቸው? ደላላ ተብሎ የሚባረረው ወጣት በሆቴል ሙያ የሚሠለጥንበት ቦታ ያገኛልን? የእነዚህ መልስ የነዋሪውን ቅሬታ ብቻ ሳይሆን የጎብኚውንም የሚያቃልል ነው። ሥራ ያገኘ ወጣት እንግዳን አያሳድድም፤ ቤቱን ማደስ የቻለ ቤተሰብ ከተማውን ለቆ አይሄድም። ሰው የማይኖርባት ስቶን ታውን ደግሞ ንጹሕና ጸጥ ያለች ብትሆንም፣ እንግዳው ሊያያት የመጣባት ከተማ አትሆንም።