«የኛ» የማን ነበረች?

«የኛ» የተባለው የሬዲዮ ድራማ በ2005 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ግን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ድራማው ሲተላለፍ ቤት ውስጥ ማንም ትንፍሽ እንዲል አትፈቅድም። ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ጥቃት፣ ጓደኝነት፣ መሀል ላይ ደግሞ የአምስቱ ሴቶች ዘፈን። ዘፈኖቹን እስካሁን በቃሏ ትይዛቸዋለች።

የኋላ ታሪኩን ያወቅሁት ግን እዚህ ግቢ ከገባሁ ነው። ፕሮግራሙ በናይኪ ፋውንዴሽን የተጀመረው ገርል ኢፌክት ሥራ ነው፤ ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት ዕርዳታም ብዙ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ፣ 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዴት ለዘፋኞች ይሰጣል ብሎ ዘመቻ ከፈተ። በ2009 ዓ.ም. በገና ሰሞን ድጋፉ ተቋረጠ።

ጋዜጣው የአንባቢዎቹ ግብር የት እንደገባ መጠየቁ ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። (ስያሜው ግን ሙድ መያዝ ነበር።) እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አድማጮቹ እዚህ፣ ክርክሩም ውሳኔውም ለንደን። እርግጥ «የኛ» አልሞተችም፣ በኋላ በቴሌቪዥን ድራማነት መጥታለች። ቢሆንም እህቴን የመሰለች አድማጭ ድጋፉ መቋረጡን እንኳ አልሰማችም።

«ታዲያ የውጭ ገንዘብ ይቅርብን» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እሱማ ተሞክሯል! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የቀረውን 90 በመቶ ከአገር ውስጥ አምጡ ተባለ። ከማን? የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ይምጣ። ግን ለጋሹ ሂሳብ የሚጠይቀውን ያህል እኛም እንጠይቅ። አሁን ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ ሰጪው ይሄዳል፣ አለቀ። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ሚኒ ሚዲያችን ከአንድ ድርጅት ጥቂት ብር አግኝቶ ድራማ ሠርተን ነበር። ክፉው አባት በአንድ ምክር ሲለወጥ ተማሪው በሙሉ ሳቀ። ከድርጅቱ የመጡት ሰዎች ባነሩ ፎቶው ላይ መታየቱን ጠየቁን እንጂ ተማሪው ለምን እንደሳቀ አልጠየቁም። እኛም አልነገርናቸውም፣ ብሩን ፈልገነዋላ።

እዚህ ላይ ጋዜጠኛውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ሆቴል በተዘጋጀ ምረቃ ላይ ይገኛል፣ የተሰጠውን መግለጫ ገልብጦ ያቀርባል። ስንት ብር ተሰጠ፣ ለስንት ዓመት፣ ሲያልቅስ ተዋንያኑ ምን ይሆናሉ ብሎ የሚጽፍ ጥቂት ነው። የኪነ ጥበብ ገጽ የበጀት ወሬ አይወድም መሰለኝ።

ለዚህ ሴሚስተር የፊቸር ሥራዬ ይህንኑ ይዣለሁ። በቴፕ የምቀዳት የመጀመሪያዋ ሰው እህቴ ናት፤ ቅዳሜ ቀጠሮ ሰጥታኛለች።