ዓይን ብቻውን አይበቃም

ኦገስት 18 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ የመቆጣጠሪያ ማማ በሌለው የዋትሰንቪል አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለማረፍ የተቃረቡ ሁለት ሴስና አውሮፕላኖች ተጋጭተው 3 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ ያሳውቁ ነበር። የበረራ ደንቡ «አይተህ ራቅ» ይላል፤ የፊዚክስ ሕግ ግን ዓይንን አያግዝም። እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ፊት ለፊት የሚቀራረቡ አውሮፕላኖች በመካከላቸው ያለውን 1 ኪሎ ሜትር በ9 ሰከንድ ይጨርሱታል። በዚያ ርቀት 10 ሜትር ክንፍ ከሙሉ ጨረቃ እምብዛም አይሰፋም። ይባስ ብሎ፣ ሁለቱም አቅጣጫና ፍጥነት ሳይለውጡ ወደ ግጭት ሲያመሩ አንዱ በሌላው መስታወት ላይ ቆሞ ይታያል፤ ዓይን ደግሞ ይበልጥ የሚስበው እንቅስቃሴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ደንብ በብዙ የአየር ክልሎች አውሮፕላን ያለበትን ቦታ የሚያሰራጭ መሣሪያ እንዲይዝ አስገድዷል፤ የሌሎችን ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ግን አላስገደደም። እንዲናገር ታዞ እንዲሰማ ያልታዘዘ አውሮፕላን ግማሽ ጥበቃ ብቻ አለው። ስለዚህ መቀበያውም ለአነስተኛ አውሮፕላኖች ሁሉ ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ።