የግድብ አተላ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጎርፍ ስናነብ አንድ አባት፣ «ጎርፉ የወሰደው አፈራችን የት ነው የሚደርሰው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው አምድ ያስጽፋል።

የደሃና ጎርፍ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በተከዜ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ ግድብ አለ። ቁመቱ ከ180 ሜትር በላይ ነው። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ይህ አፈር ደለል ይባላል።

ከደለሉ ጋር ሌላም ነገር ይወርዳል። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ እርሳስና ሌላም መርዝ ከደቃቁ ጭቃ ጋር ይጣበቃል። ላዩ ግን ጠርቶ ይታያል። ጠላውን ታውቁት የለ! የጠራው ከላይ ይቀዳል፣ አተላው ከጋኑ ሥር ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ውሃውን ብቻ አይመረምሩም።

በጀልባ ገብተው ረጅም ቱቦ ከሥሩ ጭቃ ውስጥ ይሰካሉ። ጭቃውን እንዳለ ያወጡታል። በጎተራ መጀመሪያ የገባው እህል ከታች እንደሚሆን፣ የታችኛው ጭቃም የድሮው ነው። እየቆራረጡ በየዕቃው ያስቀምጡታል። በዕቃው ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ጥልቀቱን ይጽፋሉ። ጽሑፉ ከጠፋ ያ ሁሉ ድካም ተራ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በላቦራቶሪ ይደርቃል፣ እንደ ዱቄት ይነፋል፣ በአሲድ ይሟሟል፣ በመሣሪያ ይለካል።

በአዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተሠራውን የቆቃን ግድብ እንውሰድ። የሞጆ ወንዝ በቆዳ ፋብሪካዎች አጠገብ አልፎ ወደዚያ ይገባል። በፋብሪካ ቆዳ ሲለፋ ክሮም የሚባል ማዕድን ይገባበታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የዚያን አካባቢ ውሃ፣ ደለልና ዓሣ ሲመረምሩ ቆይተዋል።

የተከዜ ደለል ተመርዟል አላልንም። ደሃና የቆዳ ፋብሪካ የለም። ነገር ግን የፀረ ተባይ መርጫ ከወንዝ ዳር ሲታጠብ በዓይናችን አይተናል። ከግድቡ ሐይቅ ደግሞ የዋግ ሰዎች ዓሣ ያሰግራሉ። ዓሣው ከጭቃው የሚያገኘውን ይበላል፤ አንዳንዱ መርዝም በሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። የመርጫው ዕጣቢ እዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ። ባዶው ዕቃም ለዘይት ወይም ለጠላ አይሆንም።

«ውሃውን አፍልተን ብንጠጣውስ?» ያሉንም ነበሩ። ማፍላት ጀርም ይገድላል። እርሳስንና ክሮምን ግን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እነሱ ከድስቱ ውስጥ ይቀራሉ።