ከሴፍቲኔት ዝርዝር የቀረ አመልካች ይግባኙን በምን ላይ ያቁም?

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በየዓመቱ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ይጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች መጠኑና ጊዜው አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ እንዲያገኙ ታስቦ ነው። እንደ ከላላ ባሉ የደቡብ ወሎ ወረዳዎች የበልግ ወይም የመኸር ዝናብ በተዛባ ቁጥር የድጋፍ ፈላጊው ብዛት ይጨምራል፤ ለቀበሌ የሚደርሰው ኮታ ግን አብሮ አያድግም። በመሆኑም «እኔም ድኃ ነኝ» የሚል አቤቱታ እውነት ሆኖ ሳለ ውድቅ ሊሆን ይችላል። የሚመዘነው ድህነት ብቻ ሳይሆን፣ ከተመረጠው ጎረቤት ጋር ሲነጻጸር ማን ይበልጥ እንደተቸገረ ነው።

ስለዚህ ይግባኙ በመመዘኛዎቹ ላይ መቆም ይኖርበታል። ቤተሰቡ ባለፉት ዓመታት በተከታታይ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ገጥሞት ከሆነ፣ ጥሪቱን በድንገት አጥቶ ከሆነ ወይም ሌላ ደጋፊ ከሌለው፣ ይህንኑ ከመሬቱና ከከብቱ መጠን ጋር ለይቶ መግለጽ ያስፈልጋል። ለሥራ አቅም የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሕዝባዊ ሥራ መዝገብ ከሰፈሩ፣ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ መጠየቅም ይግባኝ ነው። ሀብት ሳያፈሩ «ተመርቀዋል» ተብለው የተሰረዙትም እንዲሁ።

ቅሬታው የሚቀርበው ለቀበሌው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ነው። የመረጠው አካል ራሱን እንዳይዳኝ ሲባል የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አባላት በዚህ ኮሚቴ አይቀመጡም። በመመሪያ ደረጃ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በኑሮ ግን መራጩ፣ ሰሚውና ቅሬታ አቅራቢው የአንድ ዕድር፣ የአንድ መስጊድ ወይም የአንድ ደብር ሰዎች ናቸው። የአሠራሩ ደካማ ጎን ያለው እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ ብዙ አቤቱታ በቃል ተነግሮ በቃል እንዲቀር ያደርጋል፤ ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት ደግሞ ከሌላው ይልቅ ትቸገራለች። ኮሚቴው ያልፈታው ጉዳይ እስከ ወረዳ ምክር ቤት ሊደርስ የሚችለው በመዝገብ ከሰፈረ ነው። መጻፍ የማይችል አመልካች በቃል አስረድቶ እንዲመዘገብለትና የተመዘገበበት ቀን እንዲነገረው ይጠይቅ።

በዚህ ሁሉ መንገድ ተሂዶ ምላሽ ካልተገኘ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ተቋሙ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው።