የገንዳው ወለል

ውጭ አገር የልጅ ልጅ ያላችሁ አያቶች የስልኩን ነገር ታውቁታላችሁ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ አባባ።» «ትምህርትስ?» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ስልኩ ወደ እናቱ ይመለሳል። ሜሪላንድ ካለው የ12 ዓመት የልጅ ልጄ ጋር የነበረን ጨዋታ ለዓመታት ከዚህ አላለፈም። ዘንድሮ ግን የሚያነጋግረን ነገር አገኘን፤ አሸዋ።

ልጁ የባሕር ዓሣ ያሳድጋል። ሳሎናቸው ውስጥ ባለ የመስታወት ገንዳ ጨዋማ ውኃ ሞልቶ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ይዟል። ችግሩ የተረፈው ምግብና የዓሦቹ ቆሻሻ ነው። መጀመሪያ አሞኒያ፣ በመጨረሻም ናይትሬት ይሆንና ውኃው ውስጥ ይጠራቀማል። መፍትሔው ውኃውን በየጊዜው በከፊል መቀየር ነው። ሌላም አጋዥ ዘዴ አለ፤ ከዋናው ገንዳ ሥር ትንሽ ሁለተኛ ገንዳ አስቀምጦ ውኃውን በፓምፕ ማዘዋወር። እዚያ መብራት ይበራል፣ አልጌ ይበቅላል፣ አልጌውም ናይትሬቱን ይመገባል። ጥቃቅን ነፍሳትም በዓሣ ሳይበሉ ይራባሉ። ለዚህ ነው «መጠለያ» የሚባለው።

ታዲያ የመጠለያው ወለል ላይ ምን ይነጠፍ? ቤተሰቡ ሦስት ሳምንት የተከራከረው በዚህ ነው።

አማቼ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ደቃቅ የኮራል አሸዋ ፈለገ። ምክንያት አለው። አሸዋው ሲጠልቅ ታችኛው ክፍል ኦክስጅን ያጣል፤ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል፣ ጋዙም ወደ አየር ይወጣል። ግን ሥራውን እስኪጀምር ወራት ይፈጃል። በዚያ ላይ የቆየ ጥልቅ አሸዋ ከተቆፈረ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ወደ ውኃው ሊለቅ ይችላል።

ልጁ በመደብር ያየው ጠጠር የሚመስል የተፈጨ ኮራል ነበር። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ቆሻሻው በፍሬዎቹ መካከል እየገባ ይበሰብስና ናይትሬቱን ያብሰዋል። ጭቃም ይሸጣል። እንደ ማንግሮቭ ላሉ ሥር ለሚሰዱ ተክሎች ይመቻል፤ ውኃ ግን በቀላሉ ያደፈርሳል።

ልጄ ደግሞ ወጪው አሳስቧት «የግንባታ አሸዋ አይሆንም ወይ?» አለች። ይህን እኔና ልጁ በየኩሽናችን ፈተንነው። የኮራል አሸዋ የእንቁላል ቅርፊት ከተሠራበት ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ነው፤ አቼቶ ሲነካው ይፈላል። እኔ በቅርፊት ላይ አቼቶ ጠብ አደረግሁ፤ አረፋ አወጣ። ጎረቤት ከጀመረው ግንባታ ባመጣሁት አሸዋ ላይ ስጨምር ግን ጸጥ አለ። ልጁም በስልኩ እያሳየኝ በኮራል አሸዋው ላይ ሞከረ፤ ፈላ። እናንተም ከልጆች ጋር ሞክሩት። መፍላቱ ግን የአሸዋውን ዓይነት እንጂ ንጽሕናውን አይናገርም።

አራተኛው ምርጫ ባዶ ወለል ነው። ኬቶሞርፋ የሚባለው አልጌ እንደ ድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የተጠላለፈ ነው፤ ሥር ስለሌለው አሸዋ አይፈልግም። የሚጠራቀመውን ቆሻሻ በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣትም ቀላል ነው።

አባትየው ሊወስን ሲል «ገንዳው የልጁ ነው፤ ምርጫውም የእሱ ይሁን» አልኩ። ለልጁም ምክር አልሰጠሁትም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት። «ሐሳብህን ብትቀይር በቀላሉ የምትመልሰው የትኛውን ነው?»

በሳምንቱ መልሱን ይዞ መጣ። «ባዶውን። አሸዋ በኋላ ይጨመራል፤ ማውጣቱ ነው የሚከብደው።» ለጥቃቅኖቹ ነፍሳት ደግሞ በትንሽ የፕላስቲክ ሣህን አሸዋ አድርጎ ሊያስቀምጥ አስቧል፤ ካልተስማማው ሣህኑን ብድግ ማድረግ ነው። አባቱም ሰምቶ ዝም አለ፤ የዚያ ዓይነት ዝምታ እሺታ መሆኑን ወላጆች ታውቃላችሁ።

ለልጆች ውሳኔ መልቀቅ ያስፈራናል፤ ገንዘብ ይባክናል፣ ዓሣ ይሞታል፣ ልጁም ያለቅሳል። እኔ ግን ሊመለስ የሚችለውን ውሳኔ ለእነሱ መስጠት ጥሩ መጀመሪያ ይመስለኛል። ገንዳ ውስጥ የተለማመደ ልጅ ነገ የትምህርት ዘርፍም ሆነ ሥራ ሲመርጥ ያንኑ ጥያቄ ራሱን ይጠይቃል።

እዚህ በቤታችሁ ጨው በሌለው ውኃ ዓሣ ለምታሳድጉ አንድ ነገር ልጨምር። በአቼቶ የሚፈላ አሸዋ ወይም ድንጋይ ውኃውን ስለሚያከብደው የዓሣችሁን ፍላጎት ሳታውቁ አታስገቡ። የምታስገቡትንም ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ሳሙና ግን በጭራሽ እንዳይነካው።